አሥራ አራተኛው ምሰሶ

ቤታችንን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ፤ ትልቋ «እማ፣ አንቺ ዝንብ ስትገድዪ እንኳ አማትበሽ አይደል እንዴ?» ትለኛለች። ይሳቁ። እኔ ግን ነገሩን ከአርባ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ።

የምንኖረው በደቡብ፣ ሮካፊላ በምትባል የዳገት ላይ ከተማ፣ ከእመቤታችን ፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጣብቀን ነበር። ተጣብቀን ስል ለአነጋገር አይደለም። አባቴ ካሎጀሮ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ነው፤ ደወል ይደውላል፣ ሻማ ያበራል፣ እርግብ ያባርራል። ቤታችን ደግሞ በሰሜን በኩል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እንደራሱ ግድግዳ አድርጎ የተሠራ ሁለት ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በግሪኮች ዘመን ቤተ ጣዖት ነበር። ዙሪያውን ግዙፍ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በምሰሶና በምሰሶ መሃል ያለውን ክፍተት ክርስቲያኖቹ በድንጋይ ሞልተው ግድግዳ አደረጉት። ስለዚህ ምሰሶዎቹ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። በደቡብ በኩል አሥራ አራት፣ በሰሜን በኩል አሥራ ሦስት።

አሥራ አራተኛው ወጥ ቤታችን ውስጥ ነበር።

ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ምሰሶ ነው፤ ግማሹ ግድግዳ ውስጥ፣ ግማሹ ከምድጃችን ጎን። እናቴ ኢኛዚያ በየፋሲካው ኖራ ትቀባዋለች። ከአባቴ አያቶች አንዱ ወገቡ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ፈልፍሎበታል፣ ጨው እናስቀምጥበታለን። የሽንኩርት ጉንጉን የሚንጠለጠልበት ሚስማርም ተመትቶበታል። አባቴ በበጋ ከደወል ሲመለስ ሸሚዙን ያወልቅና ጀርባውን ለጥፎበት «እፎይ! ንጉሥ እንኳ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አያገኝም» ይላል። እናቴ በክረምት የታናሽ ወንድሜን የታኒኖን ደረት በሞቀ ዘይት ታሻለች። ያኔ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁትም።

የቤቱን ታሪክ የነገሩን አባ ሊቦሪዮ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምሩን ከምሰሶዎቹ ሥር ያስቀምጡናል።

«ይሄ ቤት በፊት የእመቤታችን አልነበረም» አሉን። «ሌላ ሴት ነበረችበት። የተፈራች ሴት! ራሷ ላይ የራስ ቁር፣ እጇ ላይ ረጅም ጦር። የወይራን ዛፍ ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ እያለች የምትጎርር። አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ተቀመጠችበት። ኋላ ጳጳሱ መጡና ‹በይ እሜቴ፣ ጊዜሽ አበቃ› አሏት። በምሰሶዎቹ መሃል ግድግዳ አቆሙ፣ የውስጡን ግድግዳ እንደ ቅስት እየፈለፈሉ አስከፈቱ፣ በምሥራቅ የነበረውን መግቢያ ዘግተው ወደ ምዕራብ አዞሩት፣ ቤቱን ለእመቤታችን ሰጧት። ከዚያ ዓረቦች መጡ፣ መስጊድ አደረጉት። ዓረቦች ሄዱ፣ እመቤታችን ተመለሰች። የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ፣ ጣራው ወረደ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም!»

እጄን አወጣሁ። «አባ፣ ያቺ ሴትዮ ከወጣች በኋላ የት ሄደች?»

አፍንጫቸውን አከክ አደረጉ። «የት ትሄዳለች፣ ካቴና? ስትንከራተት ትኖራለች እንጂ።»

«ትመለሳለች?»

«እናንተ ጸሎታችሁን ካላጠናችሁ ትመለሳለች።»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ምክንያቱም ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ ጲላጦስ እንጂ ከዚያ ወዲያ አላውቀውም። ጲላጦስ ላይ ስደርስ ሁሌ ይጠፋብኛል። እንግዲህ ሴትዮዋ ከመጣች በእኔ ጦስ ነው የምትመጣው።

ሐምሌ ላይ፣ የእኛ አገር በጋ ሲግል፣ ደብዳቤ መጣ። ከጥንታዊ ቅርስ መሥሪያ ቤት ነው። አባቴ ወጥ ቤት ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ባለሙያ መጥቶ ምሰሶዎቹን ይቆጥራል፣ ይለካል፣ በጥንታዊው ሕንፃ ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ ይነሣል ይላል።

«የተለጠፈ ነገር!» አለ አባቴ። «እኛን ነው የተለጠፈ የሚሉት? ሰባት ትውልድ እዚህ ስንኖር ማንም አልደረሰብን። ማን ነው ጣት የቀሰረብን?»

«እንጃ» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል ባቄላ እየፈለፈለች። «ምቀኛ መች ይጠፋል።»

አባቴ ያንኑ ዕለት ቁም ሳጥኑን ከመኝታ ቤት እየጎተተ አምጥቶ ምሰሶው ፊት ገተረው። አልሸፈነውም። በግራና በቀኝ አንሶላ ወጠረበት። ከላይ የተረፈውን በቅዱስ ካሎጀሮስ ሥዕል ጋረደው። ቁም ሳጥኑ ወጥ ቤቱ መሃል እንደ ሰካራም ተገትሮ ቀረ፤ ወደ ምድጃው ለማለፍ ሆድን አስገብቶ በጎን መሄድ ነው።

«ልብሳችን ሽንኩርት ሽንኩርት ሊሸት ነው» አለች እናቴ።

«ይሽተታ! ቤት ከማጣት ሽንኩርት መሽተት አይሻልም?»

የከተማው ሰው ደግሞ ተማከረና አንድ ቃል ሆነ፤ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ሲመጣ ሮካፊላ አንድ ቤተሰብ ነው። ስለ አሥራ አራተኛው ምሰሶ የጠየቀ ሰው ካለ መልሱ «የመሬት መንቀጥቀጡ ወሰደው» ነው። በቃ።

እና ሰኞ ዕለት መጣች።

መጀመሪያ ድምጿ ተሰማ፣ ጠጠጠጠ እያለ ዳገቱን ሲወጣ። ከዚያ አደባባዩ ላይ በቬስፓ ሞተር ብቅ አለች። ሱሪ የለበሰች ሴት! ራሷ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ የራስ ቁር፤ ጀርባዋ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ጫፉ የሾለ፣ ቀይና ነጭ ዘንግ። የእኛ አገር ወንዶች ሞተር ላይ ሲወጡ ራሳቸው ላይ የሚያደርጉት ቢኖር የፀጉር ቅባት ነው። እንደዚህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የውሃው ማሰሮ ከእጄ ወደቀ።

«መጣች» አልኩ። «እማዬ፣ መጣች!»

«አየኋት» አለች እናቴ፤ መሐረቧን አስተካክላ።

አባ ሊቦሪዮ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ሮጡ። «እንኳን ደህና መጡ፣ እሜቴ! ስንጠብቅዎ ነው የቆየነው!» ጉድ! ሲጠብቋት ነበር ማለት ነው። እሳቸውም ፈርተዋታል አልኩ።

ወይዘሪት ኤልዳ ነበር ስሟ፣ ከሰሜን አገር፣ ከቶሪኖ። የራስ ቁር ያልኩት የሞተር ሄልሜት ነው፣ ጦሩም የልኬት ዘንግ። ኋላ እንደሰማሁት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ የመጀመሪያ ሥራዋ፤ እኔ እሷን ከምፈራት ይልቅ እሷ ሮካፊላን ትፈራ ነበር። ያኔ ግን ዘንጓን ይዛ በደቡብ በኩል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስትቆጥር የራሷን ዕቃ የምትቆጥር ባለቤት ሆና ታየችኝ። አሥራ አራት። ወደ ሰሜን ዞረች። አሥራ ሦስት። ቤታችን ፊት ቆመች።

«አሥራ አራተኛውስ?»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። «የመሬት መንቀጥቀጡ ወሰደው፣ እሜቴ።»

«ወዴት ወሰደው?»

አባቴ ይህን አልተዘጋጀበትም። «ወደ... ታች» አለ፣ መሬቱን እያሳየ።

«እንደዚህ ያለ ምሰሶ ሲወድቅ ስባሪ ይተዋል እኮ።»

«ሮካፊላ ንጹሕ ከተማ ናት፣ እሜቴ። ተጠረገ።»

ሴትዮዋ አባቴን አየችው፣ የቤታችንን በር አየችው፣ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ይኼኔ እናቴ ከበሩ ብቅ ብላ «ምነው ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ እሜቴ? ይግቡ እንጂ! የለውዝ ወተት አለ፣ ቀዝቃዛ!» ስትል አባቴ ትን አለው። ሴትዮዋ «ነገ» አለች። የእናቴን ድፍረት አደነቅኩ። ልታባብላት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግን እናቴን ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክካ አገኘኋት። እንባዋ ይወርዳል። «እናቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ትላለች። «አንቺም ልጅ አሳድገሻል። አደራሽን።» ሌላ ምንም አላለች። ቤታችን እንዳይፈርስ ነው የምትለምነው። እመቤታችንም ራሷ ከቤቷ ልትወጣ ነው፣ የድሮዋ ባለቤት መጥታለች! ለእሷስ ማን ይለምንላት? ሁሉም የመጣው ደግሞ እኔ ጲላጦስ ላይ ስለቀረሁ ነው።

እኔው ልሄድ ቆረጥኩ።

ባዶ እጅ አይኬድም። ወይራ እንደምትወድ አባ ሊቦሪዮ ነግረውናል፤ ስለዚህ እናቴ በእጇ ያሰናዳችውን ተቀጥቅጦ በነጭ ሽንኩርት የታሸ አረንጓዴ ወይራ አንድ ሳህን ሞላሁ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ አባቴ ደወል ቤት ሲወጣ፣ ሴትዮዋ በሰሜን ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጣ ስትጽፍ አገኘኋት። ዘንጓ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የራስ ቁሯ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ይኸው፣ እሜቴ» አልኩ፣ ሳህኑን መሬት አስቀምጬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

ዓይኗ በራ። «ወይራ! እንደምወድ በምን አወቅሽ?»

ከዚያ ወዲያ ምን ጥርጣሬ አለ? ተናገርኩ እንግዲህ።

«ቤትዎን የወሰድነው እኛ አይደለንም። ጳጳሱ ናቸው።»

ማኘኳን አቆመች። «የትኛው ጳጳስ?»

«ስማቸውን አላውቅም። ከሞቱ ሺህ አራት መቶ ዓመታቸው ነው።»

«ከሞቱማ ምን እናደርጋቸዋለን» አለች፤ ዘሩን እትፍ ብላ ተፋችው።

«እመቤታችንን አያስወጧት። ልጅ የያዘች ሴት ናት፣ የት ትሄዳለች? እኛንም አያስወጡን። ታናሽ ወንድሜ ደረቱን ያመዋል። ምሰሶዎንም ቢሆን በደንብ ነው የያዝንልዎት፤ እናቴ በየፋሲካው ኖራ ትቀባዋለች።»

ሁለተኛውን ወይራ ወደ አፏ ስታደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የቱን ምሰሶ?»

«የወጥ ቤታችንን ነዋ» አልኩ። የራሷን ምሰሶ ታጣዋለች ብዬ አላሰብኩም። ይልቅ አለማወቋን አስመስላ ልትፈትነኝ መሰለኝ። ስለዚህ እጇን ይዤ ወሰድኳት።

እናቴ ምድጃው ጋ ነበረች። ስታየን ማንኪያዋን አስቀምጣ «እሰይ፣ ይግቡ ይግቡ» አለች። አባቴ ከደወል ቤት ሲወርድ ከበሩ ላይ አየንና ፊቱ ኖራ መሰለ። አባ ሊቦሪዮም ከኋላው ደረሱ።

ሴትዮዋ ወጥ ቤት መሃል የተገተረውን ቁም ሳጥን ዞራ ዞራ አየችው። «ይሄ ለምን እዚህ ቆመ?»

«ግድግዳው ትንሽ እርጥብ ነው» አለ አባቴ፣ ምራቁን እየዋጠ። «ልብሱ እንዳይሻግት ነው።»

«ትንሽ? ኧረ በጣም ነው!» አለች እናቴ። «በጣም እርጥብ ነው፣ እሜቴ! ክረምት ክረምት ውሃ ያለቅሳል። ይንኩት፣ ይንኩት!»

ወይዘሪት ኤልዳ አንሶላውን ገለጠችው።

ኖራ የተቀባው ምሰሶ ብቅ አለ። ይኼኔ አባ ሊቦሪዮ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተአምር!» ብለው ጮኹ። «የመሬት መንቀጥቀጡ መለሰው!»

እናቴ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣም አለቀሰች ብዬ እኔም አብሬያት ማልቀስ ጀመርኩ።

ሴትዮዋ መዳፏን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። ኖራውን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች። የጨው ጉድጓዱን አገኘችው፣ ጣቷን ሰደደች፣ ቀመሰች። «ጨው!» ብላ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኛ ጎድተነው አይደለም፣ እሜቴ» አለ። «ሌላ ቦታ የነበረውን ድንጋይ ሰው እያቃጠለ ኖራ አድርጎታል። ይሄ የቀረው የእኛ ሰዎች ጀርባ ስለተደገፈው ነው። ሰባት ትውልድ።»

ሳቋን አቆመች። «እውነትዎን ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ሕጉ ግን ሕግ ነው። አንድ ነገር ቃል እገባለሁ፤ ለእናንተ ቤት ሳይሰጥ አንድ ድንጋይ አይነካም። እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ቀን ሙሉ አልተነሣም። የማታውን ደወል አባ ሊቦሪዮ ደወሉት፣ ያውም አዛብተው።

እህል አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ አባ ሊቦሪዮ ከወንፊት ጀርባ ተቀምጠው ከሚሰሙበት የመናዘዣ ሣጥን ሄጄ ንስሐ ገባሁ።

«አባ፣ ለጣዖት መሥዋዕት አቀረብኩ።»

ከመናዘዣው ወንፊት ወዲያ «ምን አልሽ?» አሉኝ።

«መሥዋዕት። ለድሮዋ ሴትዮ።»

«ምን አቀረብሽላት?»

«ወይራ።»

«ተቀበለችሽ?»

«ሥጋውን በላችው፣ ዘሩን ተፋችው።»

የመናዘዣው ሣጥን ሲርገበገብ ተሰማኝ። ለነፍሴ ፈርተው የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ ድምፃቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከዚያ ሴትዮዋ ከቶሪኖ የመጣች፣ እናትና አባት ያላት፣ እሑድ እሑድ የምታስቀድስ ሰው እንደሆነች አስረዱኝ። «ንስሐሽ ጸሎተ ሃይማኖትን ማጥናት ነው» አሉ። «ከጲላጦስ በኋላም ብዙ አለ። ሌላው ደግሞ፣ ካቴና፣ ቤቱን ያስፈረስሽው አንቺ አይደለሽም። ይህን የምልሽ አውቄ ነው።» ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ አላመንኳቸውም።

ክረምቱ ሳይገባ አዲሱ ሰፈር ገባን፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ያለው፣ ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ የማይለቀው። ታኒኖ ሳሉ ጠፋ። ዛሬ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው፣ ሲያስነጥስ መስኮት ይንቀጠቀጣል። የድሮው ቤታችን ፈረሰ፣ ምሰሶው ታጥቦ ወጣ። አባቴ ደወሉን እስከ መጨረሻው ዳገት እየወጣ ሲደውል ኖረ። እኔ ግን ያንን ሰሜን ግድግዳ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እሰብራለሁ።

አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ዓመት፣ እናቴ ሰማንያን አልፋ፣ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ፀጉሯን እያበጠርኩላት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ።»

«ለቄስ ተናዘዢ። እኔ አበጥሪኝ ነው ያልኩሽ።»

«ቤታችንን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ምሰሶውን ለሴትዮዋ ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«እሱማ ቆመን አይተንሽ የለ እንዴ?» አለች። «አጣደፍሽው እንጂ ምን አደረግሽ? እኔ እኮ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያንን አንሶላ በገዛ እጄ ልገልጠው ነበር።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

«ለመሥሪያ ቤቱ ማን የጻፈ መስሎሻል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ አባ ሊቦሪዮ ጻፉልኝ። ‹ወጥ ቤቴ ውስጥ አንድ ትልቅ ምሰሶ አለ፣ በቅዝቃዜው ልጄን ሊገድልብኝ ነው፣ መጥታችሁ ተረከቡኝ› ብዬ አስጻፍኩ። እሳቸው ግሪኩንም ጳጳሱንም ጨማምረው አሳመሩት።»

«እመቤታችን ፊት ስታለቅሺ አይቼሽ ነበር እኮ! ቤቱ እንዳይፈርስ መስሎኝ...»

«እንዳይፈርስ!» ወደ እኔ ዞረች። «ሐኪሙ ‹ይህ ልጅ እዚህ ቤት ሌላ ክረምት አይወጣም› አለኝ። ለአባትሽ ስነግረው ‹ሰባት ትውልድ አድጎበታል› ይለኛል። ያደጉትን ቆጠረ። የሞቱትን ማን ቆጠራቸው?»

መልሼ አዞርኳትና ማበጠር ቀጠልኩ።

«አባዬ ይህን ሳያውቅ ሞተ በይኛ» አልኳት።

ሳቀች። «ይህን ቤት የገባን ቀን አንቺ ታኒኖን ይዘሽ እዚሁ በረንዳ ላይ ነበርሽ። አባትሽ ከክፍል ክፍል እየዞረ ግድግዳውን ሁሉ በጣቱ አንኳኳ። መኝታ ቤቱ አልቀረው፣ መታጠቢያ ቤቱ አልቀረው። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ‹ኢኛዚያ፣ ሁሉም ባዶ ጡብ ነው። ከእንግዲህ ለማንም የምትጽፊው ነገር የለም› አለኝ።»

«አውቆ ነበር! ታዲያ ያኔ እያለቀስሽ የለመንሻት እሱ እንዳያውቅብሽ ከነበረ፣ እመቤታችን አልሰማችሽም ማለት ነዋ።»

«እንዳያውቅ መቼ ለመንኳት?» አለች እናቴ። «አባትሽ ሞኝ አልነበረም። አውቆ ዝም እንዲለኝ ነው የለመንኳት። አርባ ዓመት ዝም አለኝ።»